ክብደት ላይ የቀባሁት ቀለም

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ርእሰ መምህሩ ቁልፍ ሰጠኝ እንጂ ስለ ፊዚክስ የነገረኝ ነገር የለም። ከዚያ በፊት የዚያው ትምህርት ቤት ዘበኛ ነበርኩ። ከቡሬ ወጣ ብሎ ያለ የገጠር ሁለተኛ ደረጃ ነው። የቤተ ሙከራው ሠራተኛ ተዛውሮ ሄደና ክፍሉ ሰው አጣ። ርእሰ መምህሩ ጠራኝ።

«አንለይ፣ ማንበብ ትችላለህ?»

«ትንሽ ትንሽ» አልኩ። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የቆጠርኳት ፊደል ነበረችኝ።

«ቁጥርስ?»

«ቁጥር እንኳ አሳምሬ ነው የምጽፍ።»

«እሱ ይበቃል» አለና ቁልፉን አስጨበጠኝ።

ክፍሉን ስከፍተው ዕቃው ገና ከነሳጥኑ ነው። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ አቶ ዳምጤ ተከትሎኝ ገባ። ወደ ብርጭቆውም ወደ ብረቱም እየጠቆመ «ይህን ታያለህ? ንብረት ነው። ያንንስ ታያለህ? እሱም ንብረት ነው» አለኝ። ምን እንደሚሠራበት አልነገረኝም፤ እሱም አያውቀው። እኔም አልጠየቅሁ። እንዳይጠፋና እንዳይሰበር መጠበቅ ነው ሥራዬ ብዬ ያዝኩ። ዘበኝነቴን ከበር ወደ ውስጥ አስገባሁት ማለት ነው።

በየሰኔው ቆጠራ አለ። አቶ ዳምጤ መዝገቡን ይዞ ይመጣና ዕቃው ላይ ያለውን ቁጥር ያነባል። ቁጥሩ ካልታየው «ይህ ዕቃ የለም» ይላል፣ ዕቃውን በእጁ ይዞት እያለ። ስለዚህ ቁጥር መጻፍ ዋና ሥራዬ ሆነ። መጀመሪያ ነጭ የዘይት ቀለም ሁለት እጅ እቀባለሁ። ሲደርቅ በቀጭን ብሩሽ ቁጥሩን በቀይ እጽፋለሁ። ተማሪ ሲነካካው ይደበዝዛል፤ ሰኔ ሲመጣ በላዩ ላይ ደግሜ እቀባለሁ። አሮጌውን መፋቅ ሥራ ማብዛት መሰለኝ።

ከሁሉም የማሳምራቸው ትንንሾቹን ነበር። ባለ መንጠቆ የነሐስ ክብደቶች አሉ፤ ሙከራ ላይ እየተሰቀሉ የሚመዘንባቸው ናቸው። ባለ አሥር ግራሟ የጣት ጫፍ ብታክል ነው። እሷ ላይ ያን ሁሉ ቁጥር ማስገባት ቀላል አይምሰላችሁ። ትንፋሼን ይዤ ነው የምጽፈው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ርእሰ መምህሩ መደርደሪያውን እያሳየ «ንብረት አያያዝ እንዲህ ነው» ይላል። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ እሰማለሁ። ደስ ይለኛል።

አንድ መምህር ግን ሌንስ ላይ ቀለም አይቀባም አለኝ። ተጣላን። «እንግዲያ ቁጥሩን ግንባርህ ላይ ልጻፈዋ!» አልኩት። ሳቀና ተወኝ። እኔም ለብቻዬ ሳስበው ልክ ነው ብዬ ከዚያ ወዲህ የሌንሱን ጠርዝ ብቻ ቀባሁ። ልክ ነህ ብዬ ግን አልነገርኩትም። ፀጉሬ እየሸበተ ሲሄድ ደግሞ የሚናገረኝም ሰው ጠፋ። «ጋሽ አንለይ» ሆንኩ። ርእሰ መምህር በተለወጠ ቁጥር አዲሱ ከወንበሩ እየተነሣ ይጨብጠኛል።

ከፊዚክስ መምህራኑ ብዙዎቹ ሙከራውን በጠመኔ ሰሌዳው ላይ ሠርተው ያልፋሉ። መምህርት ባንቺአምላክ እስክትመጣ ድረስ ቁልፉን የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ አልነበረም። ባንቺአምላክ የመራዊ ልጅ ናት፤ ቤተሰቦቿ ቆጋ መስኖ ላይ ሽንኩርት ያለማሉ። ዐሥራ አንደኛና ዐሥራ ሁለተኛን ልታስተምር ተመድባ መጣች። ገና በገባች ሳምንት በሩ ላይ መጥታ ቆመች።

«ጋሼ፣ ክፍሉን ይክፈቱልኝ።»

«ምን ልታደርጊበት?»

«ላስተምርበት ነዋ! ሌላ ምን ይደረግበታል?»

ከፈትኩላት። ዕቃዬን ተማሪ እንዳይሰብርብኝ ግን አጠገባቸው ቆሜ ጠበቅሁ።

የምትወደው ሙከራ አንድ ነበር። ሜትር ማስመሪያውን ከመሃሉ በክር ታንጠለጥለዋለች። በአንዱ ወገን ከባዱን ክብደት ወደ መሃል አስጠግታ፣ በሌላው ወገን ቀላሉን ራቅ አድርጋ ትሰቅላለች። ማስመሪያው ወዲያም ወዲህም ሳይል ቀጥ ሲል፣ ክብደቱ በርቀቱ ተባዝቶ ሁለቱም ወገን እኩል መምጣት አለበት። ማስመሪያው ቀጥ ይላል። ሒሳቡ ግን እኩል አይመጣላትም። ባለ አሥር ግራሟ ያለችበት ወገን ሁልጊዜ ያንሳል።

«ቲቸር፣ የተሳሳትን እኛ ነን መጽሐፉ?» ይላል አንዱ ተማሪ።

«እኛ ነን። እንደገና ስቀሉት» ትላለች።

ልጆቹ ሲወጡ ብቻዋን ትቀራለች። ክሩን ትለውጣለች፤ ማስመሪያውን ገልብጣ ታየዋለች። «ጋሼ፣ ማስመሪያው ጠሞ ይሆን እንዴ?» ትለኛለች። «የኔ ዕቃ ምንም የለበትም» እላታለሁ። የኔ ዕቃ ምንም ከሌለበት ጥፋቱ የማን እንደሚሆን አላሰብኩትም።

አንድ ቀን ሱፐርቫይዘሩ አቶ ጌትነት ከዞን መጥቶ ክፍሏ ገባ። ያንኑ ሙከራ አሠራች፤ እኩል አልመጣም። ሲወጣ ለርእሰ መምህሩ እኔም እሷም እየሰማን እንዲህ አለው፦ «ትምህርቱን ታውቀዋለች። ተግባር ላይ ግን እጇ ደካማ ነው። ክረምት የመምህራን ሥልጠናው ላይ አያታለሁ፤ ካልተሻሻለች ዘጠነኛ ትውረድ።»

ከዐሥራ ሁለተኛ ዘጠነኛ መውረድ ለመምህር ምን ማለት እንደሆነ የሥራው ሰው ያውቀዋል። መምህራን ክፍል ገብቶ አንገት ደፍቶ መውጣት ነው። እሷ ስትወርድ የላይኛውን ክፍል የሚረከበው ደግሞ ቤተ ሙከራውን የማያስከፍተው መምህር ነበር። ይህንንም ሁላችንም እናውቃለን።

ድሮ ሥልጠና ሲባል የሚሄዱት መምህራን ብቻ ነበሩ። እኛ ቴክኒሻኖቹ ሥልጠናው የእኛ ትምህርት ቤት ከሆነ ወንበር እናመላልሳለን፤ ካልሆነ ወሬውን እንሰማለን። ያን ክረምት ግን ከየትምህርት ቤቱ አንድ የፊዚክስ መምህርና አንድ ቴክኒሻን ዕቃቸውን ይዘው ፍኖተ ሰላም ይምጡ ተባለ። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት አንድ ሙከራ ሠርቶ ያሳያል። ክብደቶቹን በጨርቅ ጠቅልዬ ሚኒባሱ ውስጥ ጭኔ ላይ ይዣቸው ሄድኩ። ስንደርስ ዝናቡ አያስኬድም፤ ከመናኸሪያው በጋሪ ሄድን። ባንቺአምላክ መንገዱን ሙሉ ማስመሪያዋን ዝናብ እንዳይነካው በነጠላዋ ሸፍናለች።

አሠልጣኙ ከባሕር ዳር የመጣ ሳሙኤል የሚባል ወጣት ነው። «ከመጀመራችን በፊት በዕድሜ የሚበልጡን አባት ይመርቁን» አለ። ቤቱ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ተነሥቼ መረቅሁ። ከዚያ ወንበሬን ከኋላ አንሥተው ከፊት አስቀመጡልኝ። ሌላው ቴክኒሻን በሙሉ ከኋላ ነው፤ እኔ ብቻ ከመምህራኑም ፊት። ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ።

ትምህርቱ መልካም ነበር። የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚለካው አሜትር ባትሪ ላይ ለብቻው በቀጥታ እንደማይገናኝ፣ ሲነበብም ዓይን ከመርፌው ትይዩ መሆን እንዳለበት የሰማሁት እዚያ ነው። ያን ሁሉ ዘመን የወለወልኩት ዕቃ ምን እንደሚሠራ አንድ በአንድ ሲገለጥልኝ ልጅ የሆንኩ መሰለኝ። እንግሊዝኛው ሲበዛብኝ ከሽንዲ የመጣው ቴክኒሻን ሞገስ ከኋላዬ ጎንበስ ብሎ ይነግረኛል። አፉ የማያርፍ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ገብቶዎታል ወይስ እንደ ምርቃቱ አሜን እያሉ ነው?» ይለኛል።

ባንቺአምላክ የምታሳየው ሙከራ ያው የማስመሪያው ነበር። ሌላ እንድትመርጥ ለመንኳት።

«ፔንዱለም ይሻልሽ ነበር። ቀላል ነው፣ አያሳፍርሽም።»

«ያስቸገረኝን ነው የማሳይ፣ ጋሼ። ይህን ያህል የፊዚክስ ሰው ተሰብስቦ ካልተፈታልኝ የት ሊፈታልኝ ነው?»

ተራዋ ደረሰ። ማስመሪያውን አንጠለጠለች። ክብደቶቹን ሰቀለች፣ ማስመሪያው ቀጥ አለ፣ ርቀቱን አነበበች፣ ሰሌዳው ላይ አባዛች። እኩል አልመጣም። አቶ ጌትነት መስኮቱ አጠገብ ወረቀቱን ይዞ ተቀምጧል።

ሳሙኤል ተነሥቶ ባለ አሥር ግራሟን ፈታት። በአውራ ጣቱ አሻሻት፣ ወደ ብርሃኑ ይዞ አያት።

«ይህ ሁሉ ቀለም ነው? ምናልባት ቀለሙ ክብደት ጨምሮባት ይሆን?» አለ።

እኔ ብድግ አልኩ።

«ልጄ፣ ቀለም ይመዝናል እንዴ? ቤትህን ቀለም ብትቀባው መሬት ይገባል?»

ቤቱ ሳቀ። ሳሙኤልም ፈገግ አለ። «አባቴ፣ ዕቃው ትንሽ ሲሆን ጥቂቷም ቀለም ብትሆን . . .» ብሎ ጀመረ። አላስጨረስኩትም።

«እኔ ይህን ዕቃ ስረከብ አንተ አልተወለድክም! ከዚያ ወዲህ አንድ አልጠፋብኝም፣ አንድ አልተሰበረብኝም። ዛሬ መጥተህ በቀለም ታሳብባለህ?»

«እሺ አባቴ፣ ይቅርታ» አለና ክብደቷን ጠረጴዛው ላይ መለሳት።

አሸንፌ ተቀመጥኩ። «ደግ አሉ» ያለኝም አለ። አቶ ጌትነት አቀርቅሮ ሲጽፍ ሳይ ነው ወደ ባንቺአምላክ የዞርኩት። ክብደቶቹን አንድ በአንድ እያወረደች ጨርቁ ላይ ትደረድራለች።

«እንግዲህ ስሕተቱ የኔ ነው» አለች ቀስ ብላ።

ማንም አልተከራከራትም። ቀለሙ ካልሆነ፣ ከእሷ ሌላ ማን ቀረ?

ለምሳ ሰው ሲወጣ ሞገስ እጅጌዬን ያዘኝ።

«ጋሼ፣ ይምጡ እስቲ፣ አንድ ነገር ላሳይዎት።»

«ምሳ አትበላም?»

«ዛሬ እርስዎን ብዬ ጾሜን ልዋል።»

ማስመሪያ አንጠለጠለ። በአንዱ ጫፍ የሽንዲዋን ባለ አሥር ግራም ሰቀለ፤ ቀለም የማያውቃት ራቁቷን ናት። በሌላው ጫፍ፣ እኩል ርቀት ላይ፣ የኔን ሰቀለ። የኔ ወገን ወረደ።

«አዟዙራቸው» አልኩት።

አዟዟራቸው። አሁንም የኔዋ ወረደች።

«ማስመሪያህ ጠሟል።»

«እንግዲያው በእርስዎ ማስመሪያ እንየዋ!»

በማስመሪያዬም ወረደች። «ቤቱ መሬት ገባ እኮ፣ ጋሼ!» ብሎ ሳቀ። ፊቴን ሲያይ ከኪሱ ካራ አውጥቶ ሰጠኝ።

ካራውን ተቀብዬ ቀለሙን ላጥኩት። ነጭ፣ በሥሩ ቀይ፣ በሥሩ ነጭ፣ እንደገና ቀይ። የስንቱ ሰኔ ቀለም እንደ ቅርፊት ተያይዞ ተነሣ። መዳፌ ላይ አድርጌ አየሁት። ይህ ነው ያን ሁሉ ልጅ «እንደገና ስቀሉት» ያሰኘ። ይህ ነው ያቺን ልጅ ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ብቻዋን ክር ሲያስቀይራት የኖረ። ፊቴ ጋለ። ሞገስ ውኃ ላምጣልዎት ወይ አለኝ። አልፈልግም አልኩ።

ከምሳ በኋላ ሰው ገና ሳይረጋጋ ተነሣሁ።

«ጥፋቱ የኔ ነው። ክብደቶቹን ያከበድኳቸው እኔ ነኝ። ልጅቷ ምንም አላጠፋችም» አልኩ።

አቶ ጌትነት ከመስኮቱ አጠገብ ተነሣ። «አያችሁ? አባት ማለት እንዲህ ነው። የልጁን ጥፋት በራሱ ላይ ይወስዳል» አለ። አጨበጨቡልኝ።

«እኔ አባቷ አይደለሁም! ቀለም ቀቢ ነኝ!» ብዬ ጮኽኩ።

ባሰባቸው። እየሳቁ ደግመው አጨበጨቡ። በሕይወቴ የተጨበጨበልኝ ያን ዕለት ብቻ ነው። ወለሉ ቢከፈትልኝ እገባበት ነበር። የማያምኑኝ ስላከበሩኝ ነው፤ ይህን ለማን አቤት ይሉታል?

አቶ ጌትነት ስብሰባ አለብኝ ብሎ ወረቀቱን ይዞ ወጣ። ሳሙኤል ግን ወደ እኔ መጥቶ መዳፌን ገለጠና ቅርፊቱን አየው። «መምህርት፣ በሽንዲዎቹ ክብደቶች ድገሚው» አለ። ደገመችው። እኩል መጣ። ሌላ ርቀት ሞከረች፤ ያም መጣ። ጠመኔውን አስቀምጣ ሰሌዳውን ስታይ ቆየች።

እኔ ባጃጅ ይዤ እዚያው ከተማ ወዳለው ዞን ትምህርት መምሪያ ሄድኩ። አቶ ጌትነት ሲያየኝ ተነሥቶ የራሱን ወንበር ለቀቀልኝ። ሻይ አስመጣ። ቅርፊቱንና የተላጠችውን ክብደት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ነገሩን ከመጀመሪያው ነገርኩት።

«ገብቶኛል አባቴ» አለ።

«ከገባህ የጻፍከውን ሰርዘዋ።»

«እሺ አባቴ፣ አየዋለሁ።»

በራሱ ጃንጥላ እስከ በሩ ሸኘኝ። ከቢሮው ስወጣ ነገሩ የተቃና መስሎኝ ነበር። መጀመሪያ ላይ ሳሙኤል «እሺ አባቴ» ሲለኝም ያሸነፍኩ መስሎኝ እንደነበር ትዝ ያለኝ ባጃጁ ውስጥ ሆኜ ነው።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ከባንቺአምላክ ጎን ተቀመጥኩ። ቡሬ ስንቃረብ ወደ እሷ ዞርኩ።

«ይቅር በይኝ» አልኳት።

«ይተዉት፣ ጋሼ።»

«አልተውም። ስደቢኝ።»

ሳቅ አለች፣ ወዲያው ግን ተወችው። «ቀለሙ ይሆናል ብዬ ጠርጥሬ ነበር» አለች።

«መቼ?»

«ዓምና።»

«ዓምና! ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«እንዴት ብዬ ልንገርዎት? ትንፋሽዎን ይዘው ቁጥሩን ሲጽፉ አይዎታለሁ። ርእሰ መምህሩ እንኳ ደፍሮ አይናገርዎትም። የትናንቷ ልጅ ተነሥቼ ሥራዎ ልክ አይደለም ልበልዎት?»

«ብትዪኝስ?»

«ይቆጡኛላ! አይቆጡኝም ነበር?»

ወደ መስኮቱ ዞርኩ። እቆጣት ነበር። ለልጄ እኩያ አሠልጣኝ ያሳየሁትን ቁጣ ለእሷ የማላሳይበት ምን ምክንያት አለ?

መስከረም ላይ የክፍል ድልድሉ ሲወጣ ባንቺአምላክ ዘጠነኛ ወርዳለች። ርእሰ መምህሩ ዘንድ ገብቼ ጮኽኩ። ከወንበሩ ተነሥቶ ሰማኝ፤ ከዞን የመጣ ነው አለኝ። እሷ ድልድሉን አንብባ ጠመኔዋን ይዛ ወደ ዘጠነኛ ሄደች።

ክብደቶቹን ሁሉ አጸዳኋቸው። በብርጭቆ ወረቀት ልፈትጋቸው ስል ሞገስ በስልክ «ነሐሱን ይበላዋል፣ ደግሞ አቅልለዋቸው ሊያርፉ ነው!» ብሎ አስጣለኝ። ቀለም በሚያሟሟው በአኳራጅ ዘፍዝፌ በጨርቅ አሸሁ። ሰኔ ሲደርስ አቶ ዳምጤ መጣ።

«ቁጥሩስ?»

«ሳጥኑ ላይ ጽፌዋለሁ።»

«ዕቃው ላይ ካልታየኝ ዕቃው የለም።»

«እንግዲያው የለም ብለህ ጻፍ! ከእንግዲህ አልቀባም» አልኩት። እያጉረመረመ ከሳጥኑ ላይ አንብቦ ሄደ። ድሮም እንዲህ ይቻል ነበር ማለት ነው። አንድ ቀን እንኳ እምቢ ብዬው አላውቅም ነበር።

ያን ዓመት ክብደቶቹ ልክ ነበሩ፤ የዐሥራ አንደኛና የዐሥራ ሁለተኛ ልጆች ግን አንድ ቀን አልሰቀሏቸውም። የተረከባቸው መምህር ቁልፉን አልጠየቀኝም። ክፈተው ብዬ ሁለት ሦስቴ ነገርኩት። «እሺ ጋሼ» ይለኛል፣ ሰሌዳው ላይ ሥዕል ሥሎ ያልፋል። በዓመቱ ሌላ ሱፐርቫይዘር መጥቶ የዘጠነኛን ክፍል አየና ባንቺአምላክን ወደ ላይ መለሳት። የዚያ ዓመት ልጆች ግን አንዴ አልፈዋል፤ አይመለሱም። አንዳንዶቹን ቡሬ ገበያ አገኛቸዋለሁ። ጎንበስ ብለው ሰላም ይሉኛል። እኔ ቶሎ ብዬ አልፋቸዋለሁ።

አሁን ጡረታ ነኝ። ለሥራ ባልደረቦቼ የምለው ይህ ነው። በሚመዝን ዕቃ ላይ ምንም አይጨመርበትም፤ ቁጥሩ ሳጥኑ ላይ ይጻፍ። በዕድሜ የሚበልጣችሁ ሰው ሲሳሳት ደግሞ ተሳስተዋል በሉት፣ ሰው ፊትም ቢሆን። ይቆጣል። እኔ ብሆን ሁለት ቀን ባኮርፍ ነው። እሷ ያጣችው ዓመት ነው።